በላቸው ሸክላ የሠራ ሰሞን

ዛሬ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ሙዚቃ ስዳኝ ዋልኩ። ትናንት ጆሮዬን ቢያመኝ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ነርሷ ጠብታ አደረገችልኝና እንዳይፈስ ሁለቱንም በጥጥ ወታትፋ «ጠዋት ያውጡት» አለችኝ። ጠዋት ጥርሴን ከብርጭቆው አውጥቼ አፌ ውስጥ ገጠምኩ፣ መነጽሬን ሰካሁ፣ ጉልበቴን በፋሻ ጠመጠምኩ። በእኔ ዕድሜ ከቤት ለመውጣት የሚገጣጠመው ዕቃ ብዙ ስለሆነ፣ መውጣት ያለበትን ረሳሁት።

የሄድኩት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ካፌ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ቃልኪዳንና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ እየተሰበሰቡ አዲስ የወጣም፣ ከድሮ ማኅደር የተቆፈረም ብሉዝ ሮክ ያደምጣሉ። እኔን የሚጠሩኝ «የድሮ አድማጭ» ብለው ነው፤ አሮጌ ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ መጀመሪያ ያጫወቱኝ የራሳቸውን አዲስ አልበም ነበር። ባንዳቸው «ባለ ሦስት እግር» ይባላል፤ አራት ናቸው።

«እሺ ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አለችኝ ቃልኪዳን።

«ቤዝ ጊታር የሚባል ነገር የለውም» አልኩ፣ እግሬን አነባብሬ። «ሊድ ጊታሩ ደግሞ ብስራተ ገብርኤል ሆኖ የሚጫወት ይመስላል፤ እኛ ያለነው ሀይሌ ጋርመንት ነው።»

ልጆቹ ተያዩ። አንዱማ በስልኩ መጻፍ ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ቤዙን የምጫወተው እኔ ነኝ እኮ» አለች ቃልኪዳን ድምጿ ወርዶ።

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? ነይና ተጫወቺዋ!»

ጠጋ ብላ ጎኔን አየችኝ። «ጋሼ፣ ጆሮዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ጥጡ ሲወጣ ቤዙ ገባ። ካፌው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ከመሳቅ ሌላ መውጫ አልነበረኝም። «ደግመሽ ክፈቺው፤ ይግባኝ ተፈቅዷል» አልኳት።

በተከፈተ ጆሮ ስሰማው አልበማቸው ግማሽ በግማሽ ነው። ከበሮ መቺው የቸርች ልጅ ነው፤ በየእሑዱ ከመዘምራን ጋር ሲመታ ያደገ ስለሆነ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሊድ ጊታሩ ግን ገደለኝ! ሲሮጥ ማን እንደሚያባርረው አይታወቅም። ብሉዝ የተቀመጠ ሰው ሙዚቃ ነው ብዬ ብናገር ማን ይስማኝ? በእግሩ አምስት የጊታር ድምፅ መቀየሪያ ማሽን እየረገጠ አንዲት ትንሽ ኀዘን ሰባት ቦታ ይቆራርጣታል። ዘፋኙ «ተከፋሁ» ይላል፤ ድምፁ ግን አሁን ቁርሱን በልቶ፣ እናቱ ስማው የወጣ ልጅ ድምፅ ነው። አንድ ዘፈን ላይ ብቻ፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ጊታሩ አንዲት ኖታ ይዞ ይቆማል፤ ከበሮውም ይጠብቀዋል። እዚያ ላይ ዓይኔ ውኃ አቀረረ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። የጥጡን መዓት ሳልረሳ የዕንባ መዓት ልጨምር እንዴ?

ቀጥለው አንድ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው የባሕር ማዶ ብሉዝ ጊታር ተጫዋች «ከመጋዘን የተገኘ» የሚል አራት ሸክላ ከፈቱ። አራት! ሰውዬው በሕይወት ሳለ «ይኼ አይሆንም» ብሎ የጣለውን፣ ሲሞት ጠብቀው ከመጣያ አውጥተው በወርቅ ቀለም ጠቀለሉት። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጊታሩን ይቃኛል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያስላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ ይጀምረውና ሦስቱንም ጊዜ ይተወዋል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ጨፈንኩ፤ ልዩነቱ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት ቃልኪዳን ትከሻዬን ነክታ «ጋሼ፣ ይኼኛውን ለእርስዎ ብለን ነው ያመጣነው» ስትለኝ ነው። የበላቸው ሸክላ ነበር።

ጋሽ በላቸው የልጅነት ጎረቤታችን፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ጊታር ተጫዋች ነው። በሕይወቱ አንዲት ሸክላ ብቻ አስቀረጸ፤ ሁለት ዘፈን፣ በፊትና በጀርባ። አሁን ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ከየት እንዳገኟት እንጃ፣ አጥበውና አድሰው፣ ትንሽ መጽሐፍ አያይዘው አወጧት። መጽሐፉን ቃልኪዳን እየተረጎመች አነበበችልኝ። የመጀመሪያው ዘፈን «የዘመናዊ ከተማ ብቸኝነት የወለደው ጥልቅ ኀዘን» ነው ይላል። ኀዘን! ያ ዘፈን ለገዛ ሠርጉ የሠራው ነው! ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰውዬው ሲደሰት ቀስ የሚል ሰው ስለነበረ ነው። እኛ ሰፈር ማንንም ቢጠይቁ በነገራቸው ነበር። ግን ማን ይጠይቃል? ፈረንጅ አገር ቁጭ ብሎ መገመት ይቀላል።

ዘፈኑ ተጀመረ፤ ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ። መጨረሻው ላይ ጊታሩ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አንዲት ፉጨት ትመጣለች። ጠበቅኳት። አንገቴን አስግጌ ጠበቅኳት። ጊታሩ ብቻውን መጣና ብቻውን ሄደ።

«የታለች ፉጨቷ?» አልኩ።

«ምን ፉጨት?»

«ፉጨት አለቻ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰማኋት ፉጨት!»

«ጉድፍ መስሏቸው አውጥተውት ይሆናላ ጋሼ» አለ ስልኩ ላይ ሲጽፍ የነበረው ልጅ። «አሁን በኮምፒውተር ማጽዳት ቀላል ነው።»

«ጉድፉ እኔ ነኝ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። ልጆቹ እንደገና ሳቁ። ከጥጡ የቀጠለ ቀልድ መሰላቸው። እኔ ግን ሸክላዋን ወደ ሽፋኗ እንኳ ሳልመልስ፣ ዱላዬን አንስቼ በታክሲ ወደ ቤቴ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ የተከተለኝ ፉጨቱ አልነበረም፤ ከፉጨቱ በኋላ የመጣው ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመካኒሳ ክረምት ማለት ጥቁር መረሬ ጭቃ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍና ነፋሱ ሲገለበጥ ከአረቄ ፋብሪካው የሚመጣ የሞላሰስ ሽታ ነው። እኛ ልጆች ከደጅ ጣሪያ ሥር ቆርኪ እየደረደርን እንጫወታለን፤ በአጥሩ ማዶ ጋሽ በላቸው ጊታሩን ይነካካል። አንድ ቀን ለጓደኛው «እሑድ እኮ ሸክላ ልንሠራ ነው» ሲል ሰማሁት።

እኔ የማውቀው ሸክላ ድስትና ጀበና ነው። እኛ ቤት ራዲዮ እንጂ ማጫወቻ የለም፤ በእናቴ አፍ «ሸክላ» ሲባል ገበያ ላይ በጣት ቋ ቋ እየተደረገ የሚገዛ ነገር ነው። ጋሽ በላቸው ሸክላ ሊሠራ ነው! ለቆርኪ ጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ እነሱም ለእናቶቻቸው ነገሩ። ያኔ ሸክላ ሠሪ የሚባል ሰው በሰፈሩ አፍ ምን እንደነበር የእኔ ዘመን ሰዎች አትጠይቁኝም። ቡዳ ነው ይባላል። ከልጁ ጋር አይጋቡም። በሠራው ድስት ወጣችንን ጠራርገን በልተን፣ የሠራውን እጅ ለመጨበጥ የምንጠየፍ ጉዶች ነበርን። ዛሬ ሳስበው ከፉጨቴ ይልቅ ከዚያች አገር ላይ መጽዳት የነበረበት ጉድፍ ይህ ነው፤ ለእሱ ግን ኮምፒውተር አልተገኘም።

ወሬው በተለይ አንድ ቤት መግባት አልነበረበትም። ከእኛ በላይ፣ ቦኖው ውኃ አጠገብ፣ ጋሽ በላቸው ያጫት አስካለ ነበረች፤ ያን ዘፈንም የሠራው ለሠርጋቸው ብሎ ነው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ሄዶ፣ ሦስተኛው ቀርቶት ነበር። አባቷ ከገጠር የመጡ፣ ዘር ቆጣሪ፣ ለአዝማሪም ሆነ ለጊታር መቺ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። «እሺ» ያሉት አስካለ ሦስት ቀን አልበላም ብላ ነው ይባላል።

እሑድ ሆነ። ለቀረጻው ባንዱ የሠፈሩን ፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ተዋሰ፤ እኔም ጭቃ ሲቦካ ለማየት ተከትዬ ገባሁ። ዘፈኑን በሸክላ የሚያሳትመው ነጋዴ በቮልስ መኪና አንድ ትልቅ የቴፕ ማሽን ይዞ መጣ። ሁለት ክብ ነገር ይዞራል፤ መሃል ላይ አንድ ማይክራፎን ቆሟል። ድስት የለ፣ ጭቃ የለ። «ሸክላው የታለ?» ብዬ ጋሽ በላቸውን ብጠይቀው ሳቀና ራሴን አሻሸኝ፤ ከዚያ አስረዳኝ። እንደ ሰሐን ክብ፣ ጥቁር፣ መርፌ ሲያርፍበት የሚዘፍን ነገር ነው አለኝ። «እዚህ የተባለ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ትንፍሽ እንዳትል» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ትንፍሽ አላልኩም። እስከ መጨረሻው ድረስ። ጊታሩ ብቻውን ሲቀር ግን አላስቻለኝም። በዚያ ጊዜ ሁለት የፊት ጥርሴ ወልቆ በክፍተቱ የማፏጭ፣ በትምህርት ቤት የታወቅሁ ባለሙያ ነበርኩ። ሳላስበው አፏጨሁ። ከጊታሩ ጋር ገጥማ፣ ረጅም፣ ቀጭን ፉጨት! ማሽኑ ቆመ። ነጋዴው ራሱን ያዘ፤ ሌላ የቴፕ ክር አልነበረውም። ጋሽ በላቸው በሕይወቱ ያንን ያህል ተናዶ አያውቅም፤ ጆሮዬን ይዞ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አዳራሹን አሻግሮ በር ላይ አስቀመጠኝ። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!» አለኝ። የተሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ በጥጡም ውስጥ ይሰማኛል።

ዕድል ሲጠም ደግሞ፣ የነጋዴው ቮልስ ሲመለስ መረሬው ላይ ሰጠመች። ባንዱ በሙሉ ወርዶ ገፋ። ጋሽ በላቸውና ጓደኞቹ በሰፈሩ መሃል እስከ ክንዳቸው በጥቁር ጭቃ ተለውሰው ሲያልፉ ሴቶቹ ከየደጃፉ አዩ። ከዚያ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል? በነጋታው ጠዋት እነ ጋሽ በላቸው በጂማ ሊጫወቱ ለሦስት ሳምንት ሄዱ። ወሬውን የሚያስተባብል ሰው በሰፈሩ አልቀረም።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አስካለ ቦኖው ጋ ባልዲዋን ደቅና ቆማለች። ውኃው ይወርዳል። ጠራችኝ።

«አንተ፣ አዳራሹ ውስጥ ነበርክ አሉ።»

«ነበርኩ።»

«በእናትህ እውነቱን ንገረኝ። ለአባቴ የምመልሰው ጠፍቶኛል። እነ በላቸው ምንድን ነው የሠሩት?»

ጆሮዬ ገና ይግል ነበር። አሰብኩ፤ አዎ፣ አሰብኩ።

«ሸክላ» አልኳት።

«በእጃቸው?»

«በእጃቸው።»

«በዓይንህ አየህ?»

«በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ሸክላ ነው የሠሩት።»

እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ውሸት ያላት ቃል ፈልጉ። የለችም! የቅኔ ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሰምና ወርቅ ተቀኘሁ። አስካለ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ባልዲው ሞልቶ ውኃው በጫማዋ ላይ ሲፈስ አላየችውም። እኔ ሮጬ ቆርኪዬ ጋ ሄድኩ። ያን ዕለት ሁሉንም በላኋቸው፤ እጄ ቀንቶት ነበር።

ሦስተኛው ሽማግሌ «አትምጡ» ተባለ። አባቷ እንዲህ ዓይነቱን ወሬ ሌላ ወሬ ካልሸፈነው አይጠፋም ብለው፣ ጂማ የሄዱት ሳይመለሱ ለአንድ ባለ ወፍጮ ዳሯት። ጋሽ በላቸው ጊታሩን አንግቶ ሲመጣ የሠርጉ ድንኳን ተነቅሎ፣ የካስማው ጉድጓድ ብቻ ቀርቶ ነበር።

አልጮኸም፤ ሰውም አልጠየቀም። በሁለተኛው ቀን ግን በአጥሩ ላይ ጠራኝ። አወቀብኝ ብዬ ፈራሁ። በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። «ያን ዕለት ጆሮህን ስለጎተትኩህ ይቅርታ አድርግልኝ» አለ፤ ትልቁ ሰውዬ፣ ለእኔ። «ፉጨትህ እኮ ጥሩ ነበረች፤ ነጋዴው ራሱ ትቀመጥ አለ።» ከረሜላውን ተቀበልኩ። አመሰገንኩ እንኳ መሰለኝ። ሌላ ያልኩት ነገር የለም።

ክሩ ባሕር ተሻግሮ፣ ታትሞ እስኪመለስ ስምንት ወር ፈጀ። አንድ ቀን ከቡና ቤቱ ያ ዘፈን ወጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ሰማ፤ «ለካ ሸክላው ይሄ ነው!» ተባለ። አንዳንዱ ሳቀ። የአስካለ አባት መንገድ ቀይረው መሄድ ጀመሩ። እናቴ ብቻ ወደ እኔ ዞር ብላ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች፤ ዓይኔን አላየችውም። ስለ ፉጨቷ ግን ማንም ክፉ አልተናገረም፤ እንዲያውም ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ያፏጭ ነበር። ጋሽ በላቸው ከዚያ በኋላ ወደ ሐዋሳ ሄዶ በሆቴል ሲጫወት ኖረ። አገባ፣ ወለደ፣ አረፈ። ሌላ ሸክላ አላስቀረጸም።

ያኔ በአንድ ማይክራፎን ሁሉም ነገር ይቀረጽ ነበር፤ ሳሉም፣ የዘበኛው ውሻም፣ የእኔ ጥርስ ክፍተትም። መልካሙና ጉድፉ አንድ ላይ ተይዞ ይቀመጣል፤ የሰማ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ማን እንደነበረ ያውቃል። ዛሬ እያንዳንዱ በየራሱ ክፍል ተቀርጾ፣ ታጥቦና ተተኩሶ ይወጣል። ያን አዳራሽ ባለፈው ብፈልገው በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ መረሬውም አስፋልት ሥር ነው። ዛሬ ካፌው ውስጥ ጠረጴዛ ስደበድብ የተናደድኩት ለሙዚቃ ታሪክ ይመስለኝ ነበር። ውሸቴን ነው። ከዚያ ሰሞን በእኔ በኩል ደግ ነገር ቢኖር ያቺ ፉጨት ብቻ ነበረች። እሷን አጠፏት፤ ያጠፋሁትን ግን አላጠፉልኝም።

እትዬ አስካለ ዛሬም በሕይወት አለች። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አራት ልጅ ወለደችለት፣ አንድም ቀን ግን ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ ከፍቶ አያውቅም። አሁን እሱም አርፏል፤ ወር በገባ በአምስት በአምስት አቦ ደጀ ሰላም እንገናኛለን። በቀደምለት ተደግፋኝ ደረጃውን ስንወርድ፣ ራሷ አንሥታ ስለዚያ ዘመን አወራች። እንደ ሁልጊዜው ላቋርጣት አፌን ስከፍት እጄን መታ መታ አደረገችው።

«ተወው እባክህ» አለችኝ። «ሕፃን ነበርክ፤ ሸክላና ሸክላን በምን ለይተህ? አንድም ቀን ተቀይሜህ አላውቅም።»

ባጃጇ መጣች፤ ደግፌ አሳፈርኳት፤ በሩን ዘጋሁላት። ይቅርታውን ለማያውቅ ልጅ ብላ ሰጥታኝ፣ የሚያውቀው ልጅ ተቀብሎ ቀረ። ለእትዬ አስካለ ያለብኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «አውቅ ነበር።»